የካምባው ድንጋይና የማታዋ ኮከብ

የካምባ ገበያ በዋለ ማግስት ነው... በደርግ ጊዜ። አርባ ምንጭ አስተምር ነበርና ጋሞኛ ስለምችል ከአንድ ጂኦሎጂስት ጋር አስተርጓሚ ሆኜ ተላክሁ። ጓድ መስፍን ይባላል፤ የጎንደር ሰው፣ ሞስኮ የተማረ።

አመሻሽ ላይ የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያውን ከመንደሩ ዳር ካለ ትልቅ ድንጋይ አስጠግቶ ቁጥር ሲጠብቅ፣ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መጡና ፊታችን ተንበረከኩ።

መስፍን ደስ አለው። «እንግዳ አቀባበላቸው ነው?» ብሎ ሣሩን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

እጁን ያዝኩት። «አቁሙ እያሉን ነው። ጋሞ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎት የሚሄድ የለም። መሣሪያውን አጥፋው ጓድ።»

እያጉረመረመ አጠፋው።

ታላቃቸው አቶ ኦይቻ ተናገሩ፤ እኔ ተረጎምኩ።

«ከድንጋያችን ምን እየወሰድክ ነው?»

«ምንም አባቴ። ድንጋይ ሁሉ ዓይን የማያየው ጨረር ያወጣል። የፖታሲየሙ ጉልበት ሌላ፣ የዩራኒየሙ ሌላ። ይሄ ለይቶ ይቆጥረዋል።»

«ማዕድን ካገኘህ ከመሬታችን ታነሡናላችሁ?»

መስፍን ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ሰው ካገሩ እየተነሣ የሚሰፍርበት ጊዜ ነበር።

«ተራ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሰው የሚያስነሣ ነገር የለውም። እንደዚሁ ነው የምጽፈው።»

«ሳትፈነክተው በምን አወቅህ?»

መስፍን ወደ ምዕራብ አመለከተ። የማታዋ ኮከብ ከተራራው በላይ ወጥታለች።

«ያቺ እንደ መሬት ያለች ዓለም ናት። ሶቪየቶች እንዲህ ያለ መሣሪያ አሳርፈውባታል። ሙቀቷ እርሳስ ያቀልጣል... መሣሪያው የቆየው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ግን ጸጥ ከማለቱ በፊት የድንጋይዋን ጨረር ቆጥሮ በሬዲዮ ላከ። ከዚህ ድንጋይ ብዙም አይለይም።»

ይህን እየተረጎምኩ እኔም ቀና ብዬ አየኋት። ፊዚክስ አስተምራለሁ... ግን እንዲህ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

አቶ ኦይቻ ኮከቧን ትኩር ብለው አዩ። ተነሥተው መዳፋቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

«አብራው» አሉ።

ሁላችንም ጎንበስ አልን። ቁጥሩ ይጨምራል... ድንጋዩ እንደቆመ ነው።

አቶ ኦይቻ ቀና ብለው በጋሞኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ድንጋዩ እዚያም ካለ፣ መንግሥት ሰፈራውን ወደዚያ ያድርገዋ።»

መንደሩ ዛሬም እዚያው ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ግን ለጓድ መስፍን አልተረጎምኩለትም።