ለእምየ ከማማው ላይ

አገኘሁ ዓርብ ጠዋት ሲደርስ ስልኩን መፍራት ጀምሯል። ድሮ ከሳምንቱ ሁሉ የሚናፍቀው ሰዓት ይህ ነበር። ልጁ ፀደኒያ ወታደርነቷን እንደጨረሰች፣ እንደ ጓደኞቿ ዓለምን ልይ ብላ ጃፓን ከሄደች ወዲህ በየዓርቡ ሻባት፣ ሰንበቱ፣ ከመግባቱ በፊት ትደውላለች። እናቱ ታሪኳ ገና በማለዳ ነጠላዋን አጣፍታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጥና፣ «ይች ልጅ ዛሬስ ምን ታሳየኝ ይሆን» እያለች ትጠብቃት ነበር። ፀደኒያን ያሳደገቻት እሷ ናት። ወላጅ እናቷ በሕፃንነቷ ስላረፈች፣ ልጅቱ እምየ ብላ የምትጠራው አያቷን ብቻ ነው።

አሁን እስራኤል፣ ባሕሩ ዳር ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ባለው ቤታቸው አልጋው ባዶ ነው። ታሪኳ ካረፈች ሦስተኛ ሳምንት ተያዘ፤ ፀደኒያ ግን አልሰማችም።

አለመስማቷ ተረስታ አይደለም፤ ተመክሮበት ነው። በቀብሩ ማግሥት የሟች ወንድም አባ ብዙዓየሁ ሽማግሎቹን ሰብስበው፣ «ልጅቱ ባሕር ማዶ ብቻዋን ናት። ደግፎ የሚይዛት ሰው በሌለበት መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትመጣ በማለዳ ሄደን እናረዳታለን» አሉ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ፤ አገኘሁም እሺ አለ። ደንቡ ደግ ደንብ ነው፤ አይካድም። ግን የወጣው፣ ስልክ የሰው ፊት ማሳየት ሳይጀምር ነው። ዘመድ አዝማዱ ሺቭዓውን፣ የሐዘኑን ሰባት ቀን ማለት ነው፣ ተቀምጦ ሲያበቃ ወንበሩን ሰብስቦ ወደየቤቱ ሄደ፤ ውሸቱን ለአገኘሁ ብቻ ትቶለት።

ውሸት ደግሞ አይሆንለትም። ከባሕሩ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ዕድሜውን በአንሶላ እጥፋት ያሳለፈ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። በመጀመሪያው ዓርብ ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ፀደኒያ ስትደውል ደረጃ ሥር ወርዶ፣ «እንቅልፍ ወስዷታል» አላት። በሁለተኛው፣ «ኩፓት ሆሊም ሄዳለች፤ ሐኪሙ ጋ ወረፋው ረጅም ነው» አላት። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የሚሰማው የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ሆነ። ማታ ማታ ሁለት ሳህን ያወጣና አንዱን መልሶ ያስቀምጣል። ብቸኝነቱ ከበደው፤ ውሸቱ ግን ከብቸኝነቱም ይብስ ነበር።

ይብስ የነበረው በምክንያት ነው። በልጅነቱ፣ ወደ እስራኤል ለመሻገር ሱዳን መጠለያ ውስጥ ሳሉ ታናሽ ወንድሙ ታሞ ወደ ሕክምናው ድንኳን ተወሰደ። «እየተሻለው ነው፣ በሌላ መንገድ ይመጣል» አሉት። አገኘሁም ከሚታደለው ብስኩት ለወንድሙ ድርሻ እያስቀረ በጨርቅ መቋጠር ያዘ። እስራኤል ገብተው ሲያረዱት ቋጠሮው እጁ ላይ ነበር። ወንድሙ የሞተው በዚያው በተወሰደ ሰሞን ኖሯል። ካዘነው ይልቅ ያፈረው በለጠ። ሁሉም፣ እናቱ ጭምር፣ ብስኩቱን ሲቋጥር እያዩት ዝም ብለው ነበርና። ይህን እስክትሞት ድረስ ለታሪኳ አላነሳባትም።

በዚህኛው ዓርብ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ለሐዘኑ ሳይላጭ የተወው ጺም እያሳከከው ባሕሩን ሲያይ ስልኩ ጠራ።

«ሻባት ሻሎም አባ» አለችው ፀደኒያ። ከኋላዋ ሰፊ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ከተማው ተዘርግቷል። «የት እንዳለሁ እይ። ቶኪዮ ማማው ላይ ነኝ። ያ ቀይና ነጩ፣ ወጥቼ አሳይሻለሁ ያልኳት። በል እምየን አምጣልኝ።»

ትዝ አለው። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት የማማውን ፎቶ ስታሳያት ታሪኳ ስቃ፣ «ሰው ይኼን ሁሉ ብረት ሽቅብ የቆለለው ምን ሊያይበት ነው? ወጥተሽ እይና ንገሪኝ» ብላት ነበር።

«ራጋ፣ ቆይ» አላት። ዛሬ እነግራታለሁ ብሎ ነበር ያደረው። አፉንም ከፈተ። ግን እዚያ ከፍታ ላይ፣ በማታውቀው ሰው መሐል ጉልበቷ ቢከዳት ማን ይይዛታል? የአባ ብዙዓየሁ ቃል መጣበት። ከአፉ የወጣው ሌላ ሆነ።

«ደክሟታል፤ አትነሳም። አጠገቧ አስቀምጥልሻለሁ፣ ንገሪያት። ትሰማሻለች።»

ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አላወቀም። ገብቶ ስልኩን ፊቱን ወደ ጣሪያው አድርጎ ትራሱ ላይ አኖረው፤ ራሱም በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ።

«እምየ» አለች ፀደኒያ፤ ድምፅዋ ባዶውን ክፍል ሞላው። «ማዓሊቱ፣ አሳንሰሩ፣ ሽቅብ ሲወስደኝ ጆሮየ ድፍን አለ። ቤቱ ብዛቱ፣ ዓይን እስኪደክም ብታይው አያልቅም። ወለሉ አንድ ቦታ ላይ መስታወት ነው፤ እግርሽ ሥር መኪና ሲያልፍ ታያለሽ። ፈርቼ ነበር፣ አሁን ቆሜበታለሁ። ምን ሊያይበት ነው ብለሽኝ አልነበር? ሰው ሁሉ እዚህ ወጥቶ የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው እምየ። እኔም ፈለግሁ። የእኛ አገር በየት በኩል እንደሆነ አንዷን ሠራተኛ ጠየቅኋት፤ በእጇ አሳየችኝ። ወደዚያ ዞሬ ነው የማወራሽ።»

አገኘሁ ለቅሶው እንዳይሰማበት አፉን በመዳፉ ያዘ።

«አባ» አለች ቀስ ብላ፣ «አሁን ስልኩን ከባዶው አልጋ ላይ አንሣው።»

አነሣው። ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«ጺምህ» አለችው። «አንተ ሳትላጭ ሥራ ወጥተህ አታውቅም። በመጀመሪያው ዓርብ ሳይህ ደክሞት ነው አልኩ። ባለፈው ዓርብ አድጎ ሳየው ገባኝ።»

አገኘሁ እጁን ወደ አገጩ ሰደደ። ያ ሁሉ ሽማግሌ ሲመክር፣ ያ ሁሉ ዘመድ አፉን ሲጠብቅ፣ አንድም ሰው ጺሙን አላሰበውም ነበር።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እንደከለከሉህ ገባኛ። ደንባችሁን እንዳላፈርስ ብዬ ነው። ትኬቱን ለእሑድ አዙሬዋለሁ። አባ ብዙዓየሁ በማለዳ ይምጡና ይንገሩኝ፤ እንዳልሰማ እሆናለሁ። በሴደር፣ ግድ የለም አባ፣ እችላለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ይዛው ስትዞር ታየችው፤ እሱም እዚህ ብቻውን። ቋጠሮው ትዝ አለው።

«አይሆንም» አላት። «ከእንግዲህ ማንም አንቺን እያየ ዝም አይልም። መስታወቱ ላይ አትቁሚ፣ ግድግዳውን ተደገፊ። ተደገፍሽ?»

«ከን፣ አዎ፣ ተደግፌያለሁ።»

«ፀደኒያ፣ ልጄ፣ እምየ አርፋለች።»

ታውቀው ነበር። እስኪነገራት ድረስ ግን አላለቀሰችም ነበር። ፊቷ ተሰበረ፤ ግድግዳውን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የሰው እግር ሲያልፍ ይታየው ጀመር። አቅፎ ሊይዛት እጁን ቢዘረጋ የያዘው ስልኩን ነበር። ደረቱ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘው። ለእሷ ጨለማ እንጂ ሌላ እንደማይታያት ያውቃል፤ ቢሆንም አለቀቀውም። የእናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ የልጁ ለቅሶ ከደረቱ ውስጥ እየተሰማው አብሯት አለቀሰ።