ቅዝቃዜው የት ይገባል?

በዚያ ጸደይ አይጊል ቶሩፕን በባሕር ዳርቻዋ ከተማ በፎቦር ወደብ ላይ ያየ ሁሉ ያየው ግማሹን ነው። ከወገቡ በላይ ያለው አካሉ «ተርነ» በምትባለው የሸራ ጀልባው ባለ ክዳን ሳጥን ፍሪጅ ውስጥ ተቀብሮ፣ ለመንገደኛው የሚታየው ሰማያዊ ሱሪውና የሱፍ ካልሲው ብቻ ነበር። ጎረቤቶቹም ለምደውት ሰላምታ የሚሰጡት ለካልሲው ነው።

«እንዴት አደርክ አይጊል! ዛሬስ በረደልህ?»

«ሊበርድ ነው!» ይላል ከውስጥ። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

ትናንትም ያው፣ ከትናንት በስቲያም ያው ነበር መልሱ።

አይጊል ዕድሜውን የጨረሰው ከፎቦር ወደ ኦደንሰ ከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። መንገዱ አያሳስተውም፤ ከዚህኛው ፌርማታ ቀጥሎ ያኛው ይመጣል፣ ከያኛው ቀጥሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ ወፍጮ ቤቱ። ማን የት እንደሚወርድ ስለሚያውቅ፣ እንቅልፍ የወሰዳቸውን አሮጊቶች እንኳ ስማቸውን ጠርቶ ይቀሰቅስ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ ጡረታ ወጥቶ ከአንድ ሳጥን ጋር የተፋጠጠው። ሳጥኑ ፌርማታ የለውም። አንዱን ነገር ሲያስተካክል ቀጥሎ የሚመጣው የጠበቀው አይደለም።

ነገሩ የቢራና የቅቤ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልደከመ ነበር። ሰበቡ ጉድሩን ነበረች።

ሚስቱ ጉድሩን በብርዱ ወራት ውሃ ውሃ ይላት ጀመር፤ ከሳች፣ ዓይኗም ፈዘዘ። ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ስኳር ነው አሏት፤ ኢንሱሊንም ታዘዘላት። ነርሷ አስቀምጣ አስረዳቻት፦ የምትጠቀሚበት ከቦርሳሽ አይለይ፤ ትርፉ ግን ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። ሙቀት ያበላሸዋል፤ በረዶ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ ይጣላል። በመሃል በመሃሉ ነው መኖር ያለበት።

ባልና ሚስቱ ደግሞ በዚያው በጋ በተርነ እስከ ጎትላንድ ደሴት ሊሄዱ አስበው ነበር። አሳቡ የቆየ ነው። መጀመሪያ የእሱ ሥራ አላፈናፍን አለ፤ ቀጥሎ እናቷ ታመሙና አስታመመች፤ ከዚያ ደግሞ የእሱ የጉልበት ጅማት ተበጠሰ። አሁን ጉልበቱም ድኗል፣ ጊዜውም አለ። ጉድሩን የማስፈራራት ልማድ የላትም፤ አንድ ማለዳ ሳህን እያጠበች እንዲሁ ተናገረችው።

«በበጋው አጋማሽ የሚነደው የሳንክት ሀንስ እሳት ከመንደዱ በፊት ተርነ ላይ የሚቀዘቅዝ ቦታ ካገኘህ አብሬህ እሄዳለሁ። ካላገኘህ ቪቦር ከተማ ያለችው እህቴ አስታ ጋ እሰነብታለሁ፤ አንተ ሂድ።»

«ብቻዬን?»

«ስንት ዓመት ስትመኘው የኖርከውን በኔ ሰበብ አትተወውም።»

አይጊልን ግራ ያጋባው ይሄ አነጋገር ነው። አዝና ነው? ወይስ አስታ ጋ መሰንበቱን ወዳው ነው? አርባ ዓመት አብሯት ኖሮ ፊቷን ማንበብ የሚችል ይመስለው ነበር። የዚያን ቀን ግን ያየው ጀርባዋን ብቻ ነው፤ ጀርባ ደግሞ ምን ይነበባል! ልጠይቃት ይልና መልሱን ይፈራዋል። ስለዚህ ፍሪጁ ውስጥ ገባ።

በፎቦር ወደብ ችግር ያለበት ሰው ችግሩን ጮክ ብሎ ከተናገረ አበቃለት፤ አማካሪው ይበዛበታል። የመጀመሪያው ፍሮደ ነበር። ፍሮደ ጥርስ ሲነቅል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ጀልባው ከተርነ አጠገብ ትቆማለች። ዕድሜ ልኩን አፋቸውን ከፍተው ለሚሰሙት ሰዎች ሲያወራ ስለኖረ፣ መልስ የሚሰጠው ሰው ሲያጋጥመው ይገርመዋል።

«ኮምፕሬሰሩ ነው» አለ ወደ ታች እያየ። «አርጅቷል። ነቅለህ ጣለው።»

«አንተ ደግሞ ሁሉን ንቀለው ነው የምትለው።»

«ተነቅሎ ያልተሻለው አላየሁማ!»

አይጊል አሮጌውን ነቅሎ አዲስ አስገባ። አዲሱ ቀን ከሌት ሳያርፍ ያጉረመርማል፤ ጠዋት ሲነሱ ባትሪው ሞቶ ይጠብቃቸዋል። ያኔ የወደቡ ኃላፊ ቪበከ መጣች፤ እጇን ኪሷ ከታ ለአፍታ አዳመጠችው።

«የኔ ወንድም፣ ይሄ ማሽን እኮ እየጮኸ ያለው ርቦት ነው። ባትሪህ አይችለውም።»

ባትሪው ተለወጠ። ማሽኑም ጠግቦ ማጉረምረሙን ቀጠለ። ፍሮደ ባትሪውን የሚሞላ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አስፈላጊ ነው አለ፤ ያም ጣሪያው ላይ ተዘረጋ። ቪበከ የለም፣ የሳጥኑ ግድግዳ ስስ ነው አለች፤ ዙሪያው በፎም ተጠቀጠቀ። አይጊል ለፎሙ ሲል የማንኪያ መሳቢያውን ስለነቀለው፣ ማንኪያዎቹ አልጋቸው ውስጥ ከረሙ። የቅዝቃዜውን ማስተካከያ ቁልፍ ተስፋ ሲቆርጥ እስከ መጨረሻው አዞረው። ሳጥኑ ግን ፍንክች አላለም።

የፍርዱ መለኪያ ቅቤ ነበር። ምሳ ላይ ጥቁሩን ዳቦና የተቀመመውን ዓሣ ያቀርቡና፣ ጉድሩን ከፍሪጁ የወጣውን ቅቤ በጣቷ ትጫነዋለች። ጣቷ ሰተት ብሎ ይገባል።

«ለስላሳ ነው» ትላለች።

ይኸው ነው። ደስ ብሏትም አዝናም አይደለም፤ የአየር ሁኔታ እንደምታወራ። አይጊል ቅቤውን ያያል፣ እሷን ያያል፤ የሁለቱም ነገር አይገባውም። ማሽኑ አዲስ፣ ባትሪው አዲስ፣ ፀሐይዋ እንኳ በዚያ ሰሞን አልተለየችም። እንግዲህ ያ ሁሉ ቅዝቃዜ ይመረታል፤ ተመርቶ የት ይገባል?

የእሳቱ ምሽት ሲቃረብ ጉድሩን «እስቲ አቨርናኮ ደርሰን እንምጣ፤ ጀልባዋም አየር ታግኝ» አለችው። አቨርናኮ ፊት ለፊት ያለች ደሴት ናት። አይጊል ደስ አለው፤ ፍሪጁ ውስጥ ሆኖ ባሕር መሻገር አይቻልምና ወጣ። ጉድሩንም የራሷን ሥራ ያዘች። መሪውን የምትይዘው ሁሌም እሷ ናት። እሱ ገመድ ይስባል፣ ሸራ ይሰቅላል፤ ወደብ ውስጥ ተርነን አዙሮ ማቆም ግን ዛሬም ድረስ አይሆንለትም። ያን ረጅም አውቶቡስ እንደ ልቡ ሲያዞር የኖረው ሰውዬ ጀልባ ሲይዝ የወደቡን ግድግዳ ይገጫል።

ጉድሩን ተርነን የደሴቲቱ ወደብ ውስጥ ሳታስነካ አስገባቻት። ገመዱ እንደታሰረ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ደርሶ ያሰረ ጀልባ ቢራ ይከፍታል፣ ጎረቤትም ይጠራል። ቢራው የመድረሻ ነው፤ እሱን ሳይቀምሱ ደረስን ማለት አይቻልም። ፍሮደ ቀድሟቸው ደርሶ ኖሮ ሳይጠራ መጣ። ብርጭቆውን ይዟል።

አይጊል ከፍሪጁ ሦስት ጠርሙስ አውጥቶ ሰጠ። ፍሮደ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየው።

«ምነው?» አለ አይጊል፣ መልሱን እያወቀ።

«ምንም። ሾርባው ጥሩ ነው።»

ጉድሩን ሳቀች። አይጊል ጆሮው ድረስ ቀላ። በወደብ ሰው ፊት ለብ ያለ የመድረሻ ቢራ ማቅረብ ለእሱ ሱሪ አውልቆ ቤተ ክርስቲያን እንደመግባት ነው።

«ቆይ» አለች ጉድሩን፣ «በጸደይ ከወለሉ ስር የከተትኩት አለ። ይሞቅ ይሆናል፤ ግን ከዚህ አይብስም።» ጀልባ ላይ ቦታ ስለማይበቃ፣ ትርፍ ጠርሙስ ከወለሉ ሳንቃ በታች ባለው ጉድጓድ፣ በጀልባዋ ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው የሚደረደረው። ማብሰያው አጠገብ ያለውን ሳንቃ አነሳች፤ አንድ ጠርሙስ ስባ ለፍሮደ ሰጠችው።

ፍሮደ ከፈተ፣ ጠጣ፣ ጉንጩን በእጁ ያዘ።

«ኧረ በሕግ! ይሄማ ያለ መርፌ ጥርስ ይነቅላል!»

«አትቀልድ» አለ አይጊል።

«እንካ ቅመሰው!»

ቀመሰው። በረዶ ነው። አይጊል ጠርሙሱን ያዘና ቁልቁል ወደ ጉድጓዱ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ፍሪጁ፤ ከዚያ እንደገና ወደ ጉድጓዱ። ቀዝቃዛው ይሞቃል፣ ሞቃቱ ይቀዘቅዛል። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው አውቶቡስ መንገድ የሳተው እዚህ ላይ ነው።

«ባሕሩ ይሆናል ያቀዘቀዘው» አለ ፍሮደ።

«ባሕሩማ ትናንት ዋኝቼበታለሁ፤ እንዲህ አይቀዘቅዝም» አለች ጉድሩን። ተንበርክካ እጇን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ፊት ለፊት ያሉትን ጠርሙሶች ዳሰሰች፤ ለብ ያሉ ናቸው። ማብሰያው ስር ያሉትን ዳሰሰች፤ እጇን ቶሎ አነሳች። «ከዚህ ነፋስ ይወርዳል! አይጊል፣ ና እጅህን ክተት። ይሄ ቱቦ ከየት ነው የሚመጣው?»

አይጊል እጁን ከተተ። ከአንዲት ቀጭን ቱቦ አፍ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቱቦውን በጣቱ እየተከተለ ወደ ላይ ሄደ። መጨረሻው የፍሪጁ ወለል ነው።

ክዳኑን ከፍቶ ከታች ያለውን ቀዳዳ አየው።

ተርነ ስትሠራ ያ ሳጥን ማሽን አልነበረውም። አይጊልና ጉድሩን ወጣት ሳሉ ከዓሣ አጥማጆቹ ወደብ የበረዶ ግግር በጆንያ ተሸክመው እያመጡ ነበር የሚከቱበት። በረዶው ሲቀልጥ ውሃው መውጫ ይፈልጋል፤ ለዚያ ነው ከሥሩ ቀዳዳ የተበጀለት። ማሽን ከገባ ወዲህ የሚቀልጥ የለም። ቀዳዳው ግን አልተደፈነም።

«ጉድሩን» አለ በመጨረሻ፣ «በየጸደዩ እኔ ይሄን ቀዳዳ ምን እንደማደርገው ታውቂያለሽ?»

«ምን?»

«በጠርሙስ ብሩሽ እጠርገዋለሁ። እንዳይደፈን።»

ፍሮደ ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ ቢራው በአፍንጫው ወጣ። «አንተ ሰውዬ! ወር ሙሉ ስታቀዘቅዝ የከረምከው ባሕሩን ነዋ!»

አይጊል አልሳቀም። እንደዚያ ነው እንዴ? ክዳኑ በላይ ነው፣ በር የለው፣ ቅዝቃዜው የሚያመልጥበት የለም ፍሮደና ቪበከ ሲሉት ነበር። ለካ የቅዝቃዜ መንገድ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ነው። ይሄን እሱም ያውቃል፣ ፍሮደም ያውቃል፣ ቪበከም ታውቃለች። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ወር ሙሉ ማሽን፣ ባትሪና ፎም ሲያወሩ ከረሙ። ይህ እንዴት እንደሚሆን እስካሁን አልገባውም።

ፍሮደ ከጀልባው የወይን ጠርሙስ አምጥቶ ቡሹን ነቀለ። ቡሹ ቀዳዳው ውስጥ ልክ ገባ። ወይኑ ያለ ቡሽ አያድርምና እሱንም እዚያው ጨረሱት።

ጠዋት አይጊል ክዳኑን ሲከፍት ጮኸ። ወተቱ ድንጋይ ሆኗል። ኪያሩ ሲመታ እንደ መስታወት ይጮኻል። ቅቤው ላይ ቢላዋ አይወርድም።

«ጉድሩን! ኧረ ጉድ ነው! በረዶ ሆነ!»

ጉድሩን ፀጉሯን እያሰረች መጣች፤ አየችውና ቅቤውን በጣቷ ተጫነችው። ጣቷ አልገባም።

«ደርቋል» አለች።

«በረዶ ከሆነ ይጣላል አላለችም ነርሷ? በፊት ሞቀ፣ አሁን በረደ! ትርፉን መድኃኒት ማታ እዚህ ብታስገቢው ኖሮ...» እስከ መጨረሻው አዙሮት የነበረውን ማስተካከያ ቁልፍ ያዘ፤ ግማሽ ድረስ መለሰው፣ እንደገና ወደ ፊት አዞረው። «ስንት ላይ ላድርገው? በየት በኩል ነው መሃሉ? በቃ አስታ ጋ ሂጂ። ጠፋኝ። ምንም አልገባኝም።»

ፍሮደ ከወዲያኛው ጀልባ አንገቱን አወጣ። «ሰማሁ! ያ ማስተካከያው ነው፣ ንቀለው!»

«ዝም በል አንተ!» አለች ጉድሩን። ስልኳን አነሳች። አይጊል እጁ ቁልፉ ላይ ቀርቶ ይሰማታል።

«አስታ? እኔ ነኝ። አልመጣም። አዎ... የለም፣ ገና አልተስተካከለም፤ በጣም ነው የቀዘቀዘው። ሳቂ፣ ሳቂ! በቃ አልመጣም፣ አልጋውን አታንጥፊ።» ዘጋችው።

«ግን እኮ ገና...» አለ አይጊል።

«ሲቀዘቅዝ አየሁ፤ የሚበቃኝ እሱ ነው። ቴርሞሜትር እንሰቅልበታለን፣ መድኃኒቴን በሱፍ ጠቅልዬ ከክዳኑ ሥር አንጠለጥለዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ሁለት ሦስት ቀን ውሃ እየከተትን እንሞክረዋለን። አንድ ማስተካከያ ቁልፍ ለሁለት ሰው ያቅታል እንዴ?»

«አስታ ጋ መሄድ የፈለግሽ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ?» ዞር ብላ አየችው። አሁን ፊቷ ነበር የሚታየው። «እኔ ደግሞ ከዛሬ ነገ ‹ብቻዬን እሄዳለሁ› ይላል ብዬ ስፈራ ነው የከረምኩት። ፍሪጁ ውስጥ ገብተህ ቀረህ፣ ምን እንደምታስብ በምን ልወቅ!»

«ብቻዬን ሄጄ ተርነን ማን ያቆምልኛል?»

«እሱንማ ግድግዳዎቹ ያውቃሉ።»

አይጊል ሊስቅ ፈለገ፣ ግን ደግሞ ዓይኑ ቆጠቆጠው፤ የትኛው እንደሚቀድም ግራ ገብቶት ቁልፉን አንድ ጊዜ ወደ ግራ አዞረ።

«ተወው እሱን» አለች ጉድሩን መሪውን እየያዘች። «ገመዱን ፍታና ፎቦር ሄደን ቴርሞሜትርና ቤት የቀረውን መድኃኒት እናንሳ። ቶሎ በል፣ ፍሮደ ሌላ ሐሳብ ይዞ እየመጣ ነው።»