ሐጂን በአሴቶን ያስያዝኩበት ቀን

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ምርጫ ቀን ነው። የምርጫ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው ስለ ፓርቲ ያወራል፤ እኔ ትዝ የሚለኝ የአንድ ሽማግሌ አውራ ጣት ነው። ሳስታውሰው መጀመሪያ እስቃለሁ፣ ከዚያ አፍራለሁ።

ዱባይ ተራ ኮስሞቲክስ እሸጣለሁ፤ የጥፍር ቀለም፣ ሊፒስቲክ፣ ክሬም፣ ሽቶ፣ በጅምላም በችርቻሮም። ጎረቤቴ ሐጂ ሸምሱ ናቸው። ብርድ ልብስና ምንጣፍ ነው የሚሸጡት፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። በእኛ ሕንፃ ሁለት ነጋዴ ከተጣላ ፖሊስ ጋ አይሄድም፣ ሐጂ ጋ ነው የሚሄደው። «ሐጂ እንዲህ ብለዋል» ከተባለ ነገሩ አለቀ።

ከእኔ ጋር የማያስማማን አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙስሊም ልጆች የጥፍር ቀለም ሊገዙ ሲመጡ ከሱቃቸው ብቅ ይሉና «ልጄ፣ ይሄ ጥፍርሽ ላይ ካለ ውሃ አይነካውም፣ ውዱእሽ አይሞላም» ይሏቸዋል። ውዱእ ማለት ከሶላት በፊት የሚታጠቡት ነው። ልጆቹ አፍረው ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ «ኧረ ሐጂ፣ እንጀራዬን አይዝጉብኝ» እላለሁ። ይስቃሉ እንጂ አይተዉም።

በዚያ ሰሞን መርካቶ በቅስቀሳ ታምሳ ነበር። አንድ ተወዳዳሪ ሐጂ ሱቅ ገብቶ ሰላምታውን በአረብኛ አንበሸበሸው። እኔ ጋ ሲደርስ ግድግዳዬ ላይ ያለችውን የእመቤታችንን ሥዕል አይቶ ሦስቴ አማተበ። ሁለቱን ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ መሆኑን የነገረው የለም። ሰውዬው ሲሄድ ሐጂ መጡና «ለመሆኑ ቤቱ ሲገባ የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ምርጫው ላይ ግን ቀልድ አያውቁም። ድምፅ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ አላህ ፊት ያስጠይቃል ባይ ናቸው። ለማን እንደሚሰጡ ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም።

በምርጫው ቀን ጠዋት አብረን ተሰለፍን። ጣቢያው ከሕንፃችን ጀርባ የተተከለ ድንኳን ነው። ዝናቡ ያካፋል፣ ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ሦስት ሰዓት ያህል ቆመን ተራችን ደረሰ። ፈረምን፣ አውራ ጣታችንን ቀለም ተቀባን፣ መርጠን ወጣን። እኔ ዕቃ ላስተካክል ብዬ የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ ገባሁ።

የቀትር ሶላት ሲደርስ ሐጂ መጡ። አውራ ጣታቸውን የተሰበረ ይመስል በሌላው እጃቸው ደግፈው ይዘውታል። ሦስቴ ታጥበው አልለቅ ብሏቸዋል። «ያው የአንቺው ቀለም ነው» አሉኝ፤ «ያንን ማጥፊያሽን አምጪ እስቲ።»

ስንት ዓመት ደንበኛ ያባረሩብኝ ሰውዬ ጥፍራቸውን ተቀብተው ሱቄ መጡ። ሳቄን አፍኜ አስቀመጥኳቸው። አሴቶን በጥጥ እየነከርኩ መፈተግ ጀመርኩ። ቀለሙ የማይለቅ ነው ተብሎ ነበር፤ እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ጥጥ በጥጥ ላይ ጨረስኩ፣ በመጨረሻ ጥፍሩም ቆዳውም ጠራ። ሕግ የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። ስጨርስ መረቁኝ።

ሊሄዱ ሲነሱ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ መቁጠሪያቸው የለም። ከመካ ያመጡት ነው፣ አይለያቸውም። ሲፈርሙ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጡት ትዝ አላቸውና ይዤው ልምጣ ብለው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። በጸዳ ጣት ወደ ምርጫ ጣቢያ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለእሳቸውም አልታያቸው፣ ለእኔም አልታየኝ። ጥጡን እየሰበሰብኩ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ጩኸት ሰማሁ። እየሮጥኩ ስደርስ ሐጂ መሃል ላይ ቆመዋል፣ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዟል። ሁለት የፓርቲ ወኪሎች አሉ፤ አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም። ከጠዋት ጀምሮ በወንበር አቀማመጥ ሳይቀር ሲጨቃጨቁ የዋሉ ናቸው። አሁን ግን ተስማምተዋል፦ ሽማግሌው ቀለሙን አጥፍተው የመጡት ደግመው ሊመርጡ ነው። ያልተስማሙት ለማን በሚለው ብቻ ነው። አጭሩ «የእናንተ ሰው ናቸው» ይላል፣ ረጅሙ «የእናንተ ናቸው እንጂ» ይላል። አጭሩ ጎንበስ ብሎ ጣታቸውን አሸተተና አሴቶን መሆኑን አረጋገጠ። እህቱ የውበት ሳሎን አላት አሉ።

ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ግማሹ ጎረቤታችን ነው። አንዴ አጭበርባሪ ሲባሉ ያየ ሰው ነገ እሳቸው ፊት ለሽምግልና ይቀመጣል? ሐጂ ሀብታም አይደሉም፤ ያላቸው ስማቸው ነው። እሱን ደግሞ እኔ በገዛ እጄ በጥጥ ጠርጌ ልጨርሰው ነው።

እዚያው ቆሜ ውሸት አዘጋጀሁ። ሱቅ ሲያጸዱ በረኪና ነክቷቸው ነው ልል ነው። ካላመኑኝ በእመቤቴ ልምልላቸው ቆርጫለሁ። አፌን ስከፍት የጣቢያው ኃላፊ፣ መነጽር ያደረገች አስተማሪ፣ ቀደመችኝ።

«አባባ፣ ቀለሙን አጥፍተውታል?»

«አዎ» አሉ ሐጂ። «ለሶላት ብዬ ነው። ይቺ ልጅ ናት ያጠፋችልኝ፣ አላህ ይስጣት።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጥጡን ይዤው ነው የሮጥኩት ለካ። ፖሊሱ በሌላ እጁ እኔን ያዘ።

ኃላፊዋ ፊርማቸው መዝገቡ ላይ ስላለ ቢፈልጉም መድገም እንደማይችሉ ብታስረዳ ማን ይስማት። ወኪሎቹ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ፖሊስ ጣቢያ ይወሰዱ አሉ። ረጅሙ ጭራሽ ሐጂ ቅድም ለማን እንደመረጡ ይናገሩና ይጣራ አለ። ሐጂ እሱን ለፋጡማም አልተናገርኩም ብለው ዘጉት።

ፋጡማ ባለቤታቸው ናቸው። ወሬው ቤት ድረስ ሄዶ ኖሮ ነጠላ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ደረሱ። ገና አልመረጡም ነበር። ሕዝቡን ለመግፋት እጃቸውን ሲያነሱ አሥሩም ጣት እስከ መገጣጠሚያው ጠቁሯል። በሳምንቱ ለነበረባቸው የቤተሰብ ሰርግ የተቀቡት ነው።

«እኚህም መርጠዋል!» አለ አጭሩ።

«አንዴ ብቻ ነው?» አለ ረጅሙ። «አሥር ጊዜ ነው እንጂ።»

እትዬ ፋጡማ ሁለቱንም ከቁም ነገር አልቆጠሯቸውም። ምን እንደተፈጠረ ከእኔ ሰሙና ወደ ባላቸው ዞረው አሥር ጣታቸውን በሐጂ አፍንጫ ሥር ዘረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሂና» አሉ ሐጂ።

«አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ እጅ ከኋላህ ሰግጃለሁ። አንድ ቀን ውዱእሽ አልሞላም ብለኸኛል?»

«አላልኩም።»

«ቆዳ ውስጥ የገባ ቀለም ውሃ አያግድም፣ የሚያግደው ላዩ ላይ የሚለጠፈው ነው። አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ጎረቤት ጋ ሄደህ ከምታስፈትግ እኔን ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

ስንት ሰው ሲዳኙ ያየኋቸው ሰውዬ ሲረቱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መጀመሪያ የሳቀው ፖሊሱ ነው፣ ሲስቅ እጁ ላላና ሁለታችንንም ለቀቀን። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ኃላፊዋ መዝገቡን ገልጣ ለወኪሎቹ ፊርማውን አሳየች። ቀለሙን ደግማ ልትቀባቸው ስትል ሐጂ ጣታቸውን ራሳቸው ሰጡና «አብዢው» አሏት። መቁጠሪያቸውንም ተቀበሉ።

ችግሩ እትዬ ፋጡማ ሊመርጡ ሲሉ ነው። ቀለም የሚቀባበት ንጹሕ ጣት ጠፋ። ወኪሎቹ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ የእጃቸው አንጓ ላይ ይሁን ብለው ተፈራረሙ።

ቪዲዮው በመርካቶ ተዳረሰ። ለአንድ ሁለት ሳምንት ሐጂ ሱቅ የሚመጣው ሰው ብርድ ልብስ ሊገዛ ሳይሆን ጣታቸውን ሊያይ ነበር። ለሽምግልና የመጣ ግን አንድም የለም። እኔ እንቅልፍ አጣሁ፤ እኒህን ሰው ጨረስኳቸው አልኩ።

አንድ ቀን ጠዋት አጭሩና ረጅሙ ወኪል ተከታትለው ወደ ሐጂ ሱቅ ሲገቡ አየሁ። ሊከሷቸው መጡ ብዬ ኮምፔንሳቶው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ለካ ሁለቱም ሲኒማ ራስ አካባቢ ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው። ረጅሙ የሰቀለው ታፔላ የአጭሩን በር ጋርዶት ተጣልተዋል። ዳኙን ብለው ነው የመጡት። ሐጂ ያን ሁሉ ብላችሁኝ እንዴት እኔ ጋ መጣችሁ ሲሏቸው አጭሩ አንገቱን ደፍቶ መለሰ።

«በራስዎ ላይ ሲመሰክሩ አይተናል። ለአንዳችን ያዳላሉ ብለን አንፈራም።»

ከኮምፔንሳቶው ወዲህ ሆኜ ሰማሁት፤ እንባዬ መጣ። ሐጂን ያዳናቸው ያ «አዎ» ነው። የእኔ የበረኪና ውሸት ቢቀድም ኖሮ ዛሬ ማንም አያምናቸውም ነበር። የሚያሳፍረኝም ይሄው ነው፤ የእመቤቴን ስም ይዤ ልዋሽላቸው ነበር። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፣ ያዘዙኝንም ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር አልሆን አለኝ። ሴቶች መጥተው «ይሄ ክሬም ማዲያት ያጠፋል?» ሲሉኝ «እኔ ሲያጠፋ አላየሁም» እላለሁ። ገበያዬ ትንሽ ቀዝቅዟል።