ነጭ ሽንኩርት ይገባል፣ ክኒን አይገባም

የያዙኝ ከነነጭ ጋወኔ ነው። አዳማ ውስጥ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ለአንዲት ሴት የስኳር መድኃኒቷን እየቆጠርኩ ሳለ ሁለት ሰዎች ገቡና ስሜን ጠሩ። ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ አሉኝ። ከሁለት ቀን በፊት በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ታስረው ፍርድ ቤት ያልቀረቡ የሰፈራችን ልጆች ጉዳይ ምን ደረሰ ብዬ ጠይቄ ነበር። ክኒኑን ቆጥሬ ጨረስኩ፤ ከረጢቱ ላይ “ጠዋትና ማታ” ብዬ ጻፍኩና አብሬያቸው ወጣሁ። አምስቱ ደቂቃ ሰባት ሳምንት ሆነ።

ከፀሐይ ወደ እስር ክፍሉ ስገባ መጀመሪያ የታየኝ የሰው እግር ብቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች እግራቸውን በሁለት ረድፍ ዘርግተዋል። የቆርቆሮው ጣሪያ የቀኑን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ታች ይለቀዋል። የላብና የበርበሬ ወጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። የምቀመጥበት አጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ጥጉ ጋ ያሉ አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ሰብስበው የተቀመጡበትን ካርቶን ጫፍ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

“ና ዶክተር፣ ቦታህ እዚህ ነው” አሉኝ።

ጋወኔን አይተው ነው። ዶክተር ሳልሆን ፋርማሲስት እንደሆንኩ ብነግራቸው ለእኔ ያው ነው አሉ።

አጠገባቸው ስቀመጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ሰዓት ሊሆን አይችልም፤ ሰዓታችንን ሁሉ በር ላይ ወስደውታል። የሚመጣው ከደረታቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ወንጂ በሸንኮራ መፍጫ ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ልባቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ታሞ ኖሮ፣ ከዓመታት በፊት ሐኪሞች የተበላሸችውን የልባቸውን በር አውጥተው በብረት ተክተውላቸዋል። የታሰሩትም ወንድ ልጃቸውን ፖሊሶች ፈልገው ሲያጡት በእሱ ፋንታ ነው።

የብረት የልብ በር ያለው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የደም ማቅጠኛ ክኒን ይውጣል። ካልዋጠ ደሙ ብረቱ ላይ ይረጋና የረጋው ቁራጭ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ይህን ስለማውቅ መጀመሪያ የጠየቅኋቸው መድኃኒታቸውን ነበር። ከቀበቶአቸውና ከስልካቸው ጋር ሲገቡ ተወስዷል። ሴት ልጃቸው ሌላ ገዝታ ብታመጣ ክኒን አይገባም ብለው መልሰዋታል። ምግብ ግን ይገባል። ክኒኑን ሳይውጡ አራተኛ ቀናቸው ነበር።

“ስጋት አይግባህ” አለኝ ከፊት ለፊታችን የተቀመጠ የአርሲ ነገሌ መምህር። “መላ አግኝተናል።”

መላው በፌስታል ተቋጥሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ የተፈጨ ፌጦ። መምህሩ እነዚህ ሁሉ ደም እንደሚያቀጥኑ ከሬዲዮም ከጎረቤትም ሰምቶ በሴት ልጃቸው በኩል አስመጥቷል፤ ደጉ ሰው የራሱን ቁርስ ትቶ ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርቱን በማንኪያ ጀርባ እየደቆሰ ያጎርሳቸዋል። ክፍሉ በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል፤ ማንም አላጉረመረመም። ሰላሳ ምናምን ሰው የእሳቸውን ጤና በዚያች ፌስታል ላይ አንጠልጥሎ ነበር።

ዝም ብል ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ግን ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ መዋሸት አቃተኝ። ነጭ ሽንኩርት የብረቱን በር አይጠብቅልዎትም አልኳቸው። መምህሩ ከፋው።

“ምንም የማይሠራ ከሆነ፣ ክኒኑን የሚውጥ ሰው አብዝቶ እንዳይበላው ለምን ትከለክላላችሁ?”

ጥሩ ጥያቄ ነበር። ይሠራል፣ ክፋቱ ምን ያህል እንደሚሠራ አለመታወቁ ነው አልኩት። ክኒኑ ይመዘናል፣ ደሙም በየወሩ ይለካል። የሽንኩርት ራስ ግን አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ብቻውን ሲሆን ለብረት ያንሳል፣ ከክኒኑ ጋር ተደምሮ ሲበዛ ደግሞ ያደማል። መምህሩ ማንኪያውን አስቀመጠ።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ውኃ ሊጠጡ ኩባያ ሲያነሱ ከግራ እጃቸው ወደቀ። ጣቶቻቸውን አዩዋቸው፣ ሊያጥፏቸው ሞከሩ፤ እምቢ አሏቸው። ተመልሰው እስኪታዘዟቸው ድረስ እጃቸውን በሁለት እጄ ይዤ ተቀመጥኩ። “ደንዝዞ ነው፣ ተኝቼበት ነው” አሉ። እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። በሩን ደበደብን። ተረኛው ፖሊስ “ክሊኒኩ ነገ ነው የሚከፈተው” ብሎ ሄደ።

በዚያው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ግቢው በሙቀቱ ጭር ብሎ ሳለ አንድ ፖሊስ በሩን ገርበብ አድርጎ “ያ የመድኃኒት ቤቱ ሰው የታለ?” አለ። ወጣት ነው፤ ስንቆጠር ቀና ብሎ የማያየን ዓይነት። ወደ በሩ ሄድኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቱ ሁሩታ እንደሚኖሩ፣ እግራቸው ላይ ደም ረግቶባቸው የደም ማቅጠኛ እንደታዘዘላቸው ነገረኝ። ክኒኑን እየዋጡ፣ ሰው ይጠቅማል ብሏቸው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በማር እየበጠበጡ ጠዋትና ማታ ይጠጣሉ።

“ድዷ ይደማል” አለኝ። “ዛሬ ደግሞ ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ ብላ ደወለች። የመድኃኒቱ ጠባይ ነው?”

አልነበረም፤ ውስጣቸው እየደማ ነው። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ሳለ ሌላ ነገር ቀደመው። የሽማግሌውን ክኒን አስገባና እነግርሃለሁ፤ ልለው የነበረው ይህን ነው። ጀርባዬ ላይ የመምህሩ ዓይን ተሰማኝ፤ እሱም ያንኑ እያሰበ ነበር። ፖሊሱ ይጠብቃል። ለምን ያህል ጊዜ እንዳዘገየሁት አላውቅም።

“ንገረው እንጂ” አሉ ሽማግሌው ከጥጉ፣ ሳይነሱ። “እናት ናት።”

ነገርኩት። አሁኑኑ መኪና ተከራይታችሁ ሆስፒታል አድርሷት፣ ነገ አትበል አልኩት። የምትውጠውንም የምትጠጣውንም ለሐኪሙ ሳትደብቁ ተናገሩ፤ ከዛሬው ክኒን በፊት ሐኪም ይያት፤ ብጥብጡን ዛሬውኑ ታቁም። የመድኃኒቱን ስም በትክክል እንዲናገር በራሱ እስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፍኩለት። መዳፉን ጨብጦ፣ በኦሮምኛ ገለቶሚም፣ በአማርኛ አመሰግናለሁም ሳይል በሩን ዘጋው።

መምህሩ ካርቶኑ ላይ ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ተናድዶብኝ ነበር፤ ለሽማግሌው ብሎ ነው። እኔም በራሴ ተናድጄ ነበር፣ በየትኛው ምክንያት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ስለነገርኩት ይሁን ስለዘገየሁ።

ፖሊሱ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመለሰ። በእጁ የሽማግሌው ሴት ልጅ አምጥታ የመለሱባትን የመድኃኒት ከረጢት ይዟል።

“ስንት ሰዓት ነው የሚወስዱት?” አለኝ። “ማታ አንድ ሰዓት” አልኩት። ተረኛ ስሆን እኔ አመጣለሁ፣ ሳልሆንም ለሌሎቹ ተናግሬያለሁ አለ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ ኮፍያውን አወለቀ።

“አባባ፣ መኪና ቆሟል፤ ሆስፒታል ሄደው ደምዎን ይለካሉ። እናቴም እዚያው ተኝታለች። ደም ሰጥተዋት ተሽሏታል።”

ሽማግሌው ሊነሱ ሲሉ ፖሊሱ ጎንበስ ብሎ በክንዳቸው ደገፋቸው። የእጅ ካቴና ይዞ ነበር፤ ደንቡ ነው። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ዘግቶ ከመጨረሱ በፊት ግን “ቆይ ኢልማ ኮ” አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ክፍት የነበረውን የሸሚዛቸውን የላይኛ ቁልፍ ቆለፉ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዚያ እጃቸውን መልሰው ሰጡት። ወደ ሠርግ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር።

እሳቸው በሦስተኛው ሳምንት ተፈቱ፣ እኔ በሰባተኛው። ሁለታችንንም ለምን እንደታሰርን የነገረን የለም።

አሁንም እዚያው መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። የደም ማቅጠኛ የሚገዛ ሰው ሲመጣ ከመሸጤ በፊት ቤት ምን እንደሚበላ እጠይቃለሁ። የሽፈራው ቅጠልም፣ እርድም፣ ፌጦም ይሉኛል። በማንም አልስቅም፤ ያንን ፌስታል ያየ ሰው አይስቅም። ሰው የሚወደውን ሰው ለማዳን ያገኘውን ይደቁሳል። በልኩ ብሉ፣ ድንገት አታብዙ፣ ለሐኪማችሁ አትደብቁ እላቸዋለሁ።

ሽማግሌው በየወሩ ከወንጂ እየመጡ ክኒናቸውን ከእኔ ይወስዳሉ። ባለፈው ወር ቤቱ ጭር ብሎ ስለነበር ወንበር ሰጥቻቸው፣ ለዓመታት ልቤ ውስጥ የቆየውን ነገር ተናዘዝኩ። ያን ቀን ለእርስዎ መድኃኒት ብዬ በፖሊሱ እናት ነፍስ ልደራደር ነበር አልኳቸው።

ክኒኑን ኪሳቸው እየከተቱ ፈገግ አሉ።

“አውቄ ነው የቀደምኩህ” አሉኝ።