ብርቱካንማው መሰላል

ቤታችን ስልክ ሲጮህ የማነሳው እኔ ነኝ። ወንድሜ ዴልበርት ምድር ቤት ስለሚውል አይሰማም። «ዴልበርት አለ?» ይላል አንዱ ከሌላ ግዛት ደውሎ፣ «ጢም ያለው ጭንቅላት ፈልጌ ነበር።» ሌላው ከካናዳ ይደውልና ግራ እግር ይለምናል። የቆሸሸም ቢሆን ግድ የለኝም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እደነግጥ ነበር። አሁን ግን «ቁመቱ ምን ያህል ይሁን?» ብሎ መጠየቅ ለምጃለሁ።

ዴልበርት በኛ የልጅነት ዘመን የነበሩትን አሻንጉሊቶች መልሶ የሚሠራ ሰው ነው። በዚችው በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለች ከተማችን ጡረታ እስኪወጣ የተማሪ አውቶቡስ ሲነዳ ኖረ። አላገባም። እኔ ባሌ ሲሞት ልብሴን ጠቅልዬ ወደ ወላጆቻችን ቤት ተመለስኩና ከሱ ጋር መኖር ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ እሱ ምድር ቤት፣ እኔ ወጥ ቤት፣ እራት ላይ እንገናኛለን።

ሥራው እንዲህ ነው። የአንዱን አሻንጉሊት ጭንቅላት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ሲለሰልስ ጎተት አድርጎ ይነቅለውና በሌላው ትከሻ ላይ ይተክለዋል። የጠፋ ጎማ ወይም በር ካለ ቅርጹን በለስላሳ ጎማ አውጥቶ የቀለጠ ፕላስቲክ ራሱ ያፈስበታል። ቀለም ሲቀባ ትንፋሹን ይይዛል፤ ያኔ ቤቱ ቢቃጠል አይሰማም። ከፊቱ ሁልጊዜ የሱቅ አሻንጉሊቶች ሥዕል ያለበት የድሮ የገና ካታሎግ ተዘርግቷል። የሠራው ነገር ከካታሎጉ ሥዕል በፀጉር ያህል ከተለየ አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። «የሱቅ ይመስላል» ማለት በአሻንጉሊት ሰብሳቢዎች ዘንድ ከምስጋና ሁሉ በላይ ነው።

እኔ ደግሞ አሾፍበታለሁ። «ሽበትህ ደረትህ ላይ ደርሶ ከአሻንጉሊት ጋር ትውላለህ፤ አታፍርም?» እለዋለሁ።

«አንቺስ ማክሰኞ ማክሰኞ ቢንጎ የምትጫወቺው ቆንጆ ስለሆንሽ ነው?» ይለኛል። ይኸው ነው የኛ ፍቅር።

አምና ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ መካከለኛው ወንድማችን ዌንዴል ከአሪዞና መጣ። ሚስቱ ሎይስ ሞታበት ነው። ሁለት ሻንጣና የሎይስን ሹራብ ይዞ ገባ፣ የልጅነት ክፍሉን ዘጋ፣ በቃ። ዌንዴል ማለት በወጣትነቱ ጸጉር አስተካካዩን እንኳ ወሬ የሚያስጨርስ ሰው ነበር። አሁን «እንደምን አደርክ» ስለው አንገቱን ይነቀንቅልኛል። ምግቡን በሩ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ሳህኑ እንደ ሄደ ይመለሳል። ሱሪው በቀበቶው ላይ እየተጨማደደ ሄደ። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፣ ሐኪሙ መርምሮ ምንም በሽታ የለበትም አለን። እኔ ግን በሽታ ቢገኝበት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ ኪኒን ይሰጡን ነበር።

አንድ ቀን ያልተነካ ሾርባ ይዤ ስወርድ ዴልበርት ደረጃው ላይ አገኘኝ።

«ዛሬም?» አለኝ።

«ዛሬም። ይሄ ሰውዬ ዓይናችን እያየ ሊያልቅብን ነው» አልኩና እንባዬ መጣ።

ዴልበርት ማባበል አይችልም። ሾርባውን ከእጄ ተቀበለና «አዳኞቹን እሠራለታለሁ» አለ።

ዌንዴል ልጅ ሳለ ከእጁ የማይለያት የተራራ አዳኞች፣ ማለት ገደል የገባ ሰው የሚያወጡ የነፍስ አድን ሠራተኞች፣ መኪና ነበረችው፤ ቀይ መኪና፣ ሦስት አዳኞች፣ አንድ ውሻና ረጅም መሰላል። ወንዙ ሞልቶ ምድር ቤታችንን ባጥለቀለቀው ዓመት ጭቃ ከበላው ኮተት ሁሉ ጋር ተጣለች። ዴልበርት ያኔ ገና አፉን የፈታ ሕፃን ነበር። መኪናዋን የሚያውቃት በወሬና በካታሎግ ነው። እኔ በልቤ፣ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው አሻንጉሊት ምን ይሠራለታል ብዬ ነበር። ግን ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ ይሁን አልኩ።

በወር አንድ ጊዜ በከተማችን የትርኢት ሜዳ አዳራሽ የአሻንጉሊት ገበያ አለ። ሸቀጡን የሚያሸክመኝ ስለሆነ አብሬው ሄድኩ። ከጠረጴዛችን አጠገብ የሚቀመጠው ቨርል የሚባል ነጋዴ ነው። ቨርል እናቱ ብትመጣ እንኳ ዋጋ አይቀንስላትም። የአዳኞቹ ውሻ ደግሞ በመስታወት ሳጥኑ ውስጥ ስንት ዘመን ተቀምጧል፤ እንዲያዩት እንጂ እንዲነኩት አይፈቅድም። ዴልበርት ስለ ዌንዴል ሲነግረው ቨርል አፍንጫውን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ ውሻውን አወጣና በናፕኪን ጠቅልሎ ዴልበርት ኪስ ውስጥ ከተተው።

«ቨርል፣ ይሄን እኮ...» አለ ዴልበርት።

«ዝም በል። ለወንድምህ ነው። ላንተ ቢሆን ዞር ብዬም አላይህ።»

ወሬው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ የኋላ ጎማ አመጣ፣ ሌላው የሾፌሩን ቆብ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ የተሰነጠቀ የፊት መስታወት። ስለነዚህ ሰዎች ስንት ጊዜ ተሳልቄያለሁ መሰላችሁ። ያን ቀን ግን ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው የሚባለው እውነት መሆኑን በዓይኔ አየሁ፤ መኪና ውስጥ ገብቼም አለቀስኩ። ዴልበርት ጉንፋን የያዘኝ መስሎት ማሞቂያውን ከፈተልኝ።

ከዚያ በኋላ ከምድር ቤት የሚወጣው ለመብላት ብቻ ሆነ። በረዶው ሜዳውን በሸፈነበት ሰሞን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራው አለቀ። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ሲያስቀምጠው እኔ ራሴ አፌን ያዝኩ። መኪናዋ ከረሜላ ትመስላለች። መሰላሉ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ መወጣጫ በልክ የተቀመጠ። ካርቶኑን ሳይቀር እንደ ድሮው አትሞታል። ዌንዴልን «አምፖል ቀይርልኝ» ብዬ በውሸት አስወረድኩት።

ቆሞ አየ። መኪናዋን አነሳ፣ ጎማዋን በአውራ ጣቱ አሽከረከረ። ዴልበርት ከመጋረጃው ጋር ተለጥፎ ይጠብቃል።

«እጅህ ይባረክ፣ ዴል» አለ ዌንዴል። «ቁርጥ የሱቅ ነው።»

ዴልበርት ፊቱ በራ። ዌንዴል ግን መኪናዋን ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠ። «የኛዋ ግን ይቺ አይደለችም» አለና ደረጃውን ወጣ። በሩ ሲዘጋ ሰማን። አምፖሉንም አልቀየረው።

ዴልበርት ቅስሙ ተሰበረ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተናደደ። ካታሎጉን አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። «ይኸው! እይ እንጂ! ምኑ ነው የጎደለው? መብራቱ ይኸው፣ መሰላሉ ይኸው...»

መሰላሉን በጣቱ ሲነካው ነው እኔም ትዝ ያለኝ። ወሽመጤ ቁርጥ አለ።

«ዴልበርት፣ ከካታሎግ ማን ገዛልን?» አልኩት። «መኪናዋ የመጣችው እኮ ከቤተ ክርስቲያን ባዛር ነው። መሰላል አልነበራትም።»

«ዌንዴል ሁልጊዜ ስለ መሰላሉ አይደል እንዴ የሚያወራው?»

«እሱን አባባ ነው የሠራው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። አባባ የሚሠራበት የትራክተር ፋብሪካ አድማ የተመታበት ክረምት ነው። አባባ ቤት ዋለ፤ እጁን የሚያሳርፍበት አጥቶ ጠረጴዛውን ይደበድብ ነበር። ገና ሲደርስ በባዛሩ ያገኘውን መኪና አመጣ። መሰላል የሌለው የአዳኝ መኪና ምን ያደርጋል? ስለዚህ የቀለም ማማሰያ እንጨት በሰንጢ ሰንጥቆ መሰላል ሠራላት፤ ዕቃ ቤት ውስጥ በቀረች ጣሳ ቀለም ደግሞ ቀባው። ቀለሙ ፋብሪካው ትራክተር የሚቀባበት ነው።

«ብርቱካንማ?» አለ ዴልበርት። «በቀይ መኪና ላይ?»

«ብርቱካንማ። መወጣጫዎቹም ዘመም ዘመም ያሉ ናቸው። ዌንዴል ግን እሱን ትራሱ ሥር አድርጎ ነበር የሚተኛው።»

ዴልበርት ካታሎጉን ከደነው። አባባ ሲሞት እሱ ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። የአባባ እጅ የሠራውን አንድ ነገር አይቶ አያውቅም። «እኔ ደግሞ የካታሎጉን ነው የሠራሁለት» አለና ነጩን መሰላል ነቀለ።

ከዚያ የመጣው ግን የባሰ ነው። ሰውየው አስቀያሚ ነገር መሥራት አቃተው! እንጨት ይሰነጥቃል፣ ይቀባል፣ ጠርቶ ያሳየኛል።

«እንዴት ነው?»

«አምሯል።»

«አምሯል ትይኛለሽ እንዴ! አበላሽቼው እኮ ነው!»

«አልተበላሸም። ጠማማነቱ ራሱ የተለካ ነው።»

እንደገና ይሠራል፣ እንደገና አጣጥልበታለሁ። ወይ እጁ ሳያውቀው ያስተካክለዋል፣ ወይ ደግሞ ሆን ብሎ ሲያጣምመው የሰካራም ሥራ ይመስላል። አባባ እኮ ሰካራም አልነበረም፤ ትራክተር የሚሠራ እጅ እንጨት ሲይዝ የሚሆነው ነው የሆነው። እንጨት ወለሉን ሞላው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭራሽ ተጯጯህን። «እንግዲያው ራስሽ ሥሪው!» ይላል እሱ፣ «እኔ ምን አገባኝ!» እላለሁ እኔ።

ቤታችን አሮጌ ነው። ማሞቂያው ምድር ቤት ሆኖ ሙቀቱ በቱቦ ይወጣና በየክፍሉ ወለል ላይ ባለ የብረት ወንፊት ይተነፍሳል። ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ወሬውንም ያወጣዋል። በልጅነታችን እማማና አባባ ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ የምንሰማው በሱ ነበር። እኔ ደህና አድርጌ ረስቼው ነበር። ለካ ዌንዴል አልጋው ላይ ተጋድሞ ጭቅጭቃችንን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰማ ከርሟል።

ደረጃው ተንቋቋ። ዌንዴል በነጠላ ጫማ፣ በሎይስ ሹራብ፣ ጸጉሩ ቆሞ ወረደ። ፊቱ ቀልቷል። ከመጣ ጀምሮ ተቆጥቶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ምን ሆናችኋል እናንተ?» አለ። «አባባ ግራኝ ነበር እኮ! በቀኝህ እየቆረጥክ እስከ ፋሲካ ብትቀመጥ አይመጣልህም። ማጋደሉ ወደ ሌላው ጎን ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ?» አለ ዴልበርት። «ማን ነገረኝ?»

ዌንዴል ወለሉን የሞላውን እንጨት አየ። «እውነትህን ነው» አለ፣ ድምፁ ወርዶ። «ማንም አልነገረህም። ዞር በል እስቲ።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠና ሰንጢውን በግራ እጁ ያዘ። ከሦስታችን የአባባን እጅ የወረሰው እሱ ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እንጨት ሰበረው። ሁለተኛውን ግን ሰነጠቀው። መወጣጫዎቹን እየቆረጠ አባባ እንዴት እያፏጨ እንደ ሠራ፣ ሙጫው እስኪደርቅ በእማማ የልብስ መቆንጠጫ እንዴት እንደ ያዘው ይነግረዋል። ዴልበርት ደግሞ ቀለም ይበጠብጣል።

«እንዲህ ነው?»

«አይ፣ ከዚህ ይደምቃል።»

«አሁንስ?»

«ቀይ ጠብ አድርግበት። እንደሱ... ተው፣ ተው! እሱ ነው። አቤት! ቁርጥ እሱ።»

እኔ ደረጃው ሥር ቆሜ አያለሁ። ተመስገን አልኩ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ሁለቱም እስኪዞሩ ድረስ። ሌላ ምን እላለሁ? የባቄላ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ ይዤ ወረድኩ። ዌንዴል ዓይኑን ከመሰላሉ ሳይነቅል ዳቦውን በቀኝ እጁ እየገመጠ ሳህኑን ጨረሰ። «ጨው አንሶታል» አለኝ። ሳህኑን ተቀብዬ ጨው ጨምሬ ደገምኩለት።

በማግስቱ እራት ላይ ጠረጴዛው ጋ ሦስት ሆንን። ሎይስን አልረሳትም፣ እንዲረሳትም አንፈልግም። አንዳንድ ቀን አሁንም በሩን ይዘጋል። ዴልበርት ያኔ ወንፊቱ ሥር ሆኖ ሆን ብሎ የተሳሳተ ነገር ይናገራል። ዌንዴል ከላይ ሆኖ ሲያርመው ይሰማኛል።

በረዶው ሲቀልጥ ሦስታችንም ወደ ትርኢት ሜዳው ሄድን። መኪናዋ ጠረጴዛችን መሀል «አይሸጥም» የሚል ወረቀት ከፊቷ ተደርጎላት ተቀምጣለች። ቨርል መጥቶ ውሻውን አየና አፍንጫውን አሸት አድርጎ ሄደ። ዌንዴል ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ ሰው ያያል።

አንድ ከሩቅ የመጣ ሰብሳቢ አጎንብሶ መኪናዋን አጤነ። የበሩን ሥራ አደነቀ፣ የመብራቱን ቀለም አደነቀ። መሰላሉ ላይ ሲደርስ ፊቱን አጨማደደ።

«ምነው ሸዋ! ይሄን የመሰለ መኪና ማነው እንዲህ ያበላሸው?» አለ።

ዴልበርት አፉን ሊከፍት ሲል ዌንዴል ቀደመው። «አባታችን ነው» አለና ባዶውን ወንበር ለሰውየው ሳብ አደረገለት። «ተቀመጥ። የአድማው ክረምት ነው...»

እኔ ሳንድዊች ልገዛ ሄድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ስመለስ ሰውየው ኮቱን አውልቆ ያዳምጣል፤ ዌንዴል ገና የቀለሙ ጣሳ ጋ አልደረሰም።