በቀሚሳቸው ስፌት ላይ ያየሁት

በመጀመሪያው ቀን አፌን ከፍቼ ብናገር ኖሮ ሴትዮዋ ይተርፉ ነበር? ስንት ዓመት ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱን ዛሬም አላውቀውም።

የያዙኝ ከምርጫው በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ሁለት ሰዎች "ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ትመለሻለሽ" አሉኝ። በሐረጎ ቁልቁል አውርደው ኮምቦልቻ አደረሱኝ። የደሴን ብርድ የለመደው ሰውነቴ በቆርቆሮው ክፍል ሙቀት ታፈነ። ክፍሉ አራት እርምጃ በሦስት ነበር፤ ለክቼዋለሁ።

ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንደኛዋ የኩታበር ገበሬ ናት፣ ስብሰባ ላይ ተናገርሽ ተብላ የመጣች። ሌላዋ ስድሳን ያለፉ፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ያሰሯቸው የሚፈለገው ወንድ ልጃቸው ስለተሰወረ ነው። ከቤት የሚመጣ ልብስ አይገባላቸውምና ሁለት ወር በአንድ ቀሚስ ቆይተዋል። እንዲያም ሆኖ ከምትሰጣቸው ውሃ መጀመሪያ ለሶላት ዉዱእ ያደርጋሉ፣ የተረፈውን ይጠጣሉ።

"ስንተኛ ክፍል ነሽ?" አለችኝ ገበሬዋ፣ የያዝኩትን ደብተር አይታ።

"ዘጠነኛ፣ የማታ።"

"በዚህ ዕድሜሽ! አስተማሪሽ ልጅሽ ይሆናል እኮ!"

"ተያት" አሉ ሴትዮዋ፤ "ዒልም፣ ዕውቀት፣ ዕድሜ አይጠይቅም።"

ከጎናቸው ስቀመጥ በቀሚሳቸው የአንገት ስፌት ላይ ቅማል ሲሄድ አየሁ። አንድ ብቻ አልነበረም። ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የእናቴ እኩያ፣ ለንጽሕና እንዲያ የሚሳሱ ሰው ፊት ያን ቃል ማንሳት ነውር ነው። እንዲህ ነው ያደግነው።

በሳምንቱ ብርድ ብርድ አላቸው። በዚያ ሙቀት ጥርሳቸው ተንቀጫቀጨ፤ ራሳቸውንና ጉልበታቸውን እየያዙ አቃሰቱ።

"ምች ነው" አለች ገበሬዋ። "ዳማከሴ ቢታሽላቸው ይሻላቸው ነበር። መርፌ ብቻ እንዳያስነኳቸው፤ ምች መርፌ አይወድም።"

"ምች አይደለም" አልኳት። "ከደሴ ቆላ ወርደዋል። ወባ ነው።"

የሳይንስ መጽሐፌን አምኜ ነበር። የጥበቃውን አስር አለቃ ለምነን የወባ ኪኒን አመጣልን። ሐኪም ቤት ይወሰዱ አላልኩም። ምን ያደርጋል? ሕመሙን እኔ አውቄዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን ላብ አጠመቃቸውና ትኩሳቱ ለቀቀ። "አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪሜ!" ብለው እጄን ሳሙ። ኮራሁ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ዓይናቸው ብጫ ሆነ፣ አፍንጫቸው ደማ፤ የተሰወረውን ልጃቸውን አጠገባቸው እንደተቀመጠ ሰው ያናግሩት ጀመር። ያን ጊዜ የመጽሐፉ ሌላ ገጽ ትዝ አለኝ፤ ግርሻ። ለቀቀ ሲሉት የሚመለስ፣ የልብስ ቅማል የሚያስተላልፈው። ወባም፣ ተስቦም፣ ግርሻም በብርድ ብርድ ሊጀምሩ ይችላሉ፤ የሚለያቸው የደም ምርመራ እንጂ የኔ ግምት አልነበረም። ሁለቱንም ገጽ አንብቤያለሁ። አንደኛውን የዘለልኩት ያ ነውር ቃል ስላለበት ነው።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩ። አስር አለቃው መጣ።

"ኪኒን አመጣሁላችሁ አይደል?"

"ወባ አይደለም፤ ግርሻ ነው። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ካልደረሱ ይሞታሉ። ቅማል ነው የሚያስተላልፈው፤ እናንተም ጋ ይደርሳል።"

ወደ ኋላ አፈገፈገ። "የማን ቅማል?"

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ።

"የኔ" አልኩ። "እኔ ነኝ ይዤ የገባሁት።"

"ተማሪ ተብዬ!" ብሎ ምራቁን ተፋ። መኪና ግን ተጠራ። ሲያነሷቸው ሻሻቸውን ጎተት አደረግሁላቸው። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አሉኝ፣ እኔን።

በሁለተኛው ቀን ማረፋቸውን አስር አለቃው ነገረን። ልብሳችንን በፈላ ውሃ ቀቀሉ፤ የኔን ፀጉር ሊላጩ መጡ። ገበሬዋ እንድትላጭ አልታዘዘም ነበር። ነጠላዋን አውርዳ ከጎኔ ተቀመጠችና "የኔንም" አለች።

ዛሬ ብርድ ብርድ አለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ለሕመሙ ስም አልሰጥም። "ዛሬውኑ ደምህን አስመርምር፤ ቀለለኝ ብለህ እንዳትቀር" እላለሁ። የሚያሳፍረውንም ጥያቄ እጠይቃለሁ።

የሴትዮዋን ሱቅ ሴት ልጃቸው ይዛለች። ለዓመታት በዚያ በኩል ማለፍ ስፈራ፣ መንገድ ስቀይር ኖርኩ። ባለፈው የኢድ በዓል ማግስት ግን ገባሁ። በመጀመሪያው ቀን ማየቴን፣ ማፈሬን፣ ወባ ነው ማለቴን ነገርኳት። ጨርቅ እየለካች ነበር፤ እጇ ቆመ። ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች።

"እንኳን ነገርሽኝ አልልሽም" አለች በመጨረሻ።

ለመውጣት ተነሳሁ።

"ቁጭ በይ። እናቴ እዚያ ሆና ያለችውን ሁሉ ንገሪኝ። አንድም ሳታስቀሪ።"

በሩን መለስ አደረገችው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀመርኩላት።