መጨረሻ የጠጣው ንጉሥ
ሚዛን ተፈሪ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንድ ሰሞን ስለ አንድ ወጣት የእንግሊዝ ንጉሥ የተጻፈ የጥንት ተውኔት ለማስተማር ስዘጋጅ፣ ከእሱ የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ቴፒ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እሁድ ከቸርች መልስ አባቴ አጠገቤ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ ቡና ገበሬ ነው፤ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አይሰማም። ስለዚህ ታሪኩን ነገርኩት፤ ንጉሡ የደከሙ ጥቂት ወታደሮቹን ይዞ ብዙ ጠላት ሊገጥም ነው፣ ከውጊያው በፊት ንግግር ያደርግላቸዋል።

በአንደኛው ፊልም ንጉሡ ፈረስ ላይ ሆኖ ድምፁ ያስገመግማል። በሌላኛው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቀስ ብሎ ይናገራል። ሁለቱንም አምስት አምስት ጊዜ አይቻለሁ፤ የሚበልጠው ባለፈረሱ ነው ብዬ ከማንም ጋር እከራከር ነበር።

አባቴ ግን "የጭቃውን ድገመው" አለኝ። ደገምኩለት።

"አየህ? የውሃው ኮዳ ሲዞር ንጉሡ መጨረሻ ነው የጠጣው። እኛ ለቡና ምንጣሮ ደቦ ስንጠራ፣ የጠራው ሰው ሌላው ሳይጠጣ አይጠጣም። ባለፈረሱ ንግግር ያውቃል። ይሄኛው ደቦ መጥራት ያውቃል።"

አምስት ጊዜ ሙሉ ኮዳውን አላየሁትም! በራሴ በሸቅኩ።

ሰኞ ያንኑ ቦታ ለተማሪዎቼ ከፍቼ "ምን አያችሁ?" አልኩ። ከጌጫ የመጣች የገበሬ ልጅ እጇን እንኳ ሳታወጣ "ቲቸር፣ እንደ ደቦ ጠሪ መጨረሻ ጠጣ!" አለች። እንደዚያን ቀን በአገሬ ሰው ኮርቼ አላውቅም። ጠመኔውን ሰጠኋትና እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ።